ቡናዬን በብር፣ ዕዳዬን በሽልንግ

የማዶውን ገንዘብ እኔ የለመድኩት በሻይ ነው። ወጣት ሆኜ ከዲላ ሞያሌ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ሞያሌ ስንደርስ ሹፌሩ መኪናውን ጥላ ሥር ያቆምና ኬላውን በእግር ተሻግረን ማዶ ካለው ሻይ ቤት እንገባለን። መንዛሪው እዚያው በር ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንዲት ብር እንሰጠውና በእፍኝ ሽልንግ ይሰጠናል። ሁለታችን ወተት የበዛበት ሻይ ጠጥተን፣ ማንዳዚ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ በልተን፣ ሳንቲም ይተርፈናል። ሹፌሩ የተረፈውን ወደኔ ይወረውርና "ያዝ፣ ኪስህ ውስጥ ይንቃጨልልሃል" ይለኛል። ሽልንግ ለኛ የሚንቃጨል ነገር ነበር እንጂ ገንዘብ አልነበረም።

በኋላ እኔም ሹፌር ሆንኩ። ያቺው አንድ ብር ሻዩን ትገዛለች፣ ማንዳዚውን ግን አትገዛም ተባለ። እሺ አልኩ። ዓመታት አልፈው ለሻዩም አልበቃ አለች። ሻይ ተወደደ አልኩ እንጂ ብር ወረደ አላልኩም። ለምን እላለሁ? ብሩ ያው ብር ነው፣ ሽልንጉም ያው ሽልንግ። ዓይኔ ሲደክም መሪውን ለልጄ ሰጥቼ ዱመርሶ ወዳለችው የቡና መሬቴ ገባሁ፤ ቤቴ ግን ዲላ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሽልንግ አስቤ አላውቅም።

ያሰብኩት ልጄ ሰው የገጨ ቀን ነው።

ልጄ በአይሱዙ አቮካዶና አናናስ ይጭናል። ያን ቀን ማዶ አራግፎ ባዶውን ሲመለስ፣ እዚያው ማዶ፣ ኬላው ሳይደርስ፣ ከብት የሚነዳ አንድ ጎረምሳ ድንገት ከከብቶቹ መሀል ወጣበት። ፍሬን ያዘ፤ አልበቃም። የጎረምሳው እግር ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ልጄ አልሸሸም። ተሸክሞ ጋቢና አስገብቶት ሐኪም ቤት አደረሰው፣ ከዚያ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። እኔ ወሬውን የሰማሁት ገደብ ገበያ ላይ ሆኜ ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ከአንድ ድንች ሻጭ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ "አባ፣ ድንቼን!" ብላ ጮኸች።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። በኛም በነሱም እንዲህ ያለ ነገር ከፍርድ ቤት በፊት ዛፍ ሥር ይቀርባል። ሄድን። የጎረምሳው አባት በሕይወት የለም፤ የተቀመጠው አጎቱ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ። ኦሮምኛ እኔም እችላለሁ፤ ያለ አስተርጓሚ ተነጋገርን። ለእግሩ ስድስት ጊደር ተፈረደ። ጊደር ደግሞ ከዲላ ሞያሌ ተነድቶ አይሄድም፤ ወደ ገንዘብ ይመለስ ተባለ። የሦስቱን ጊደር ዋጋ እዚያው ከፈልን። የቀሩትን ሦስቱን ቡና ሲለቀም ልከፍል ቃል ገባሁ።

ያኔ አጎትየው፣ "በየትኛው ገንዘብ እንቁጠረው? ለናንተ የሚቀላችሁ በብር ከሆነ በብር ይሁን" አለ።

"በሽልንግ ይሁን" አልኩ።

ልጄ ከኋላ ጋቢዬን ጎተተኝ። "አባ፣ በብር በል።"

"ዝም በል። ይህን ገንዘብ አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ።"

እርጥብ ሳር በእጃችን ይዘን ተስማማን። ሳር ተይዞ የተነገረ ቃል አይለወጥም። የለወጠው ሰው ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሰላም ነኝ ብሎ አያልፍም፤ ማንም ሳይነካው ራሱ እየፈራ ይኖራል። ዛሬም ተሳሳትክ የሚለኝ አለ። እኔ አልተሳሳትኩም። ሽልንግን በእፍኝ ሲሰፈር ያየ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሌላ ነገር አይልም።

ዲላ ስንመለስ ሰኔ ነው፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ የማይገኝበት ወር። ለመጀመሪያው ክፍያ ያለችውን ሁሉ አራግፌያለሁ። ስለዚህ ሰው ሁሉ በዚያ ወር የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ቡናዬን በቁሙ ሸጥኩ። ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ እያለ ለአንድ ሰብሳቢ በተቆረጠ ዋጋ ተስማማሁ፣ ጥቂት ቀብድ ሰጥቶ የቀረውን ሲለቀም ሊሰጠኝ። ሂሳቡን በጣቴ ቆጠርኩት፤ ልክ ሦስት ጊደር ይገዛል። ተኛሁ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ አልተኛሁም።

አንድ ጠዋት ስኳር ልገዛ ሰፈራችን ካለው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሐጂ ነው፣ አባቱ ከመሀል አገር መጥቶ እዚህ የከበረ፤ አብረን ያረጀን ነን። ስኳሩን ሲመዝን ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው።

"ሐጂ፣ ሚዛኑን እይ እንጂ። የምትሰርቀኝን እንኳ አይተህ ስረቅ።"

"ዛሬ ማን ማንን እንደሰረቀ አይታወቅም" አለኝ። "ብርን ለገበያ ለቀውታል። ባንኩ ራሱ በየቀኑ ዋጋውን ይለውጣል።"

"ለኔ ምኔ ነው? እኔ ዶላር አልበላም።"

"ሽልንግ አለብኝ አላልክም?"

ስኳሩን ተቀበልኩት። እጄ ላይ ከበደኝ። "ሽልንግ ምን ሆነ?"

"እሱማ የትም አልሄደ። ያንተ ብር ነው ወደሱ የሚወርደው። ትናንት አንድ ብር ሁለት ሽልንግና ከዚያ በላይ ነበር። በዚህ አያያዝ አንድ ለአንድ ይሆናሉ።"

"አንድ ለአንድ?"

"አንድ ለአንድ።"

"እናትና ልጅ በአንድ ቀን ተወለዱ በለኛ!" አልኩት። ሐጂ አልሳቀም። ሐጂ የማይስቅበት ቀን ጥሩ ቀን አይደለም።

እንዳለው ሆነ። በአንድ ቀን አልነበረም፤ እያደረ፣ እየተንሸራተተ ነው። ባለቤቴ "የገባህን ንገረኝ" ስትለኝ እንዲህ ብዬ አስረዳኋት፤ "የቡናው ዋጋ በብር ተቆርጧል፣ አይጨምርም። የሰው እግር ዋጋ በሽልንግ ተቆርጧል፣ አይቀንስም። በሰኔ ቡናው ሦስት ጊደር ነበር። አሁን አንድ ተኩል ነው።"

"ግማሽ ጊደር አለ እንዴ?"

"የለም።"

"እንግዲያው አንድ ነው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ እንዳላያት ነው።

ወደ ሰብሳቢው ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ሰው ያከብራል፣ ወንበር ሰጠኝ። የቡና ዋጋ በብር ሰማይ እንደወጣ በገበያው የማያውቅ የለም። "ልጄ፣ ጥቂት ጨምርልኝ" አልኩት።

"አባ፣ በቁሙ ሸጠውልኛል። ምስክር ፊት ነው የተስማማነው።"

"አውቃለሁ።"

"ዋጋው ወርዶ ቢሆን ኖሮ ይቀንሱልኝ ነበር?"

"አልቀንስም" አልኩት። እውነቱን ነው። ከወንበሩ ተነስቼ ወጣሁ። እሺ ቢለኝ ኖሮ ያፍር የነበረው እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ።

ባንክም ሄጃለሁ። ከዕለት ወደ ዕለት ከሚወርድብኝ እጄ ላይ ያለችውን ቀብድ ዛሬውኑ ሽልንግ ላድርጋት ብዬ። መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ "የት ሊሄዱ ነው? የጉዞ ሰነድ አለዎት?" አለችኝ። የትም እንደማልሄድ ነገርኳት። "እንግዲያው ለምን ይፈልጉታል?" አለች። ለእግር ብል ምን ትለኛለች? ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ልጄ በየሳምንቱ እዚያው መንገድ ላይ መሆኑ ነው። አጎትየው ቃሉን የሚያከብር ሰው እንደሆነ አይቼዋለሁ። ግን ያ ጎረምሳ እኩዮች አሉት። ሳሩን የያዝነው እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ እነሱ አልያዙም። የተቆረጠው ቀን ሳንከፍል ካለፈ የያዝነው ሳርም ደረቀ ማለት ነው። ይህን ለልጄ ነገርኩት።

"መሄዱን ተው። እስክንከፍል ወደ ሐዋሳ ጫን።"

"አባ፣ ከቀረሁ ፈርቶ ቀረ ይላሉ። የፈራ ደግሞ የማይከፍል ነው ይላሉ።"

"ይበሉ!"

"አንተ ብትሆን ትቀር ነበር?"

ከኔ የወረሰው ይህንኑ ድርቅናዬን ነው፤ መሬቱማ ገና በእጄ ነው።

እሱ ሲሄድ እኔ ሁለት ነገር አዳምጣለሁ፤ ሬዲዮውንና ስልኩን። ሬዲዮው የምንዛሪውን ዋጋ ሲያነብ ቁጥሩ በደንብ አይገባኝም፤ አንባቢው "ጨምሯል" ሲል ግን እዘጋዋለሁ። ስልኩ ሲጠራ አላነሳውም፣ ባለቤቴ ታንሳ። እሷ አታነሳም፣ እኔ ላንሳ። ስልኩ መሀላችን ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ከዚያ ልጄ ተቆጥቶ እንደገና ይደውላል፤ "ምን ሆናችሁ? ሰው ደኅና ገባሁ ሊል አይችልም?" ይላል። ከጭንቀት የተነሳ እኔም እቆጣዋለሁ። ልጁ ደኅና መሆኑን የሰማ አባት የሚሳደብበት ቤት የኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቡናው ተለቀመ። ሰብሳቢው ሳያጎድል ከፈለኝ። ባለቤቴ ለጓዳው ጣሪያ ያስቀመጠችውን ቆርቆሮ ሸጥን፤ ያለችንንም አንዲት ላም ሸጥን። ላም ሸጦ የጊደር ዕዳ መክፈል ምን እንደሚመስል ለማንም አልመኝም። ሁሉ ተደምሮ ሁለት ጊደር ሞላ። አንዷ አልተገኘችም። ሐጂ "ላበድርህ" አለኝ። "በየትኛው ገንዘብ?" አልኩት። ያን ቀን ሳቀ። አልተበደርኩትም፤ አንዱን ገመድ ሳልፈታ ሌላ አላስርም።

ቀኑ ደረሰና አጎትየው በአውቶቡስ መጣ። ብቻውን አልነበረም። እግሩ የተሰበረውን ልጅ ይዞት መጥቷል።

ያን ልጅ አይቼው አላውቅም ነበር። በሽምግልናው ጊዜ ሐኪም ቤት ነበር። በሕልሜ ሳየው ግን ትልቅ፣ አስፈሪ ሰው ነው። የመጣው ገና ጢም ያላበቀለ፣ ቀጭን፣ ምርኩዝ የያዘ ልጅ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ ደረጃዋን ለመውጣት ቆም ብሎ አሰበባት። እንዴት እንደሚወጣት ሲያስብ አየሁት። ልጄ ሊደግፈው ተነሳ፤ ልጁ በእጁ ተው አለው። እኔ ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል መኪና ፍሬኑ ተበጥሶብኝ ቁልቁለት ስወርድ እንኳ አልፈራሁም።

ቆጮና ጎመን ቀረበ። በሉ። ልጁ ትንሽ በላ፣ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም። ከተበላ በኋላ ገንዘቡን አጎትየው ፊት አስቀመጥኩ። ልጄ ሞያሌ ደውሎ የዕለቱን ዋጋ ጠየቀ፣ ወደ ሽልንግ መለሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"አንዷ ጊደር የለችም" አለ አጎትየው።

"የለችም" አልኩ።

"ትመጣለች?"

"ትመጣለች። መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ውሸት አልነግርህም። በሽልንግ ብያለሁ፣ በሽልንግ እከፍላለሁ።"

አጎትየው ጢሙን ዳበሰ። "ኦቦ፣ እኔ ያኔ በብር ይሁን ብዬህ ነበር።"

"ብለኸኛል።"

"ዛሬም በያኔው ብር ይሁን ብልህ?"

ልጄ ቀና አለ። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማጠቧን አቆመች።

"ሳር ይዣለሁ" አልኩ። "ከኔ አፍ የወጣውን አንተ አትመልስልኝም።"

ሽማግሌው የተቆጣ መሰለኝ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ ሁለቱ ወደ ግቢው ወጡ፣ ከእንሰቱ ሥር ቆመው አወሩ። ድምፃቸው አይሰማም። የልጁ እጅ ወደ መኪናው ሲጠቁም አየሁ፤ በግቢያችን በር ላይ ወደቆመው፣ እሱን ወደገጨው መኪና። ሊያቃጥሉት ነው አልኩ በልቤ። ወይም ሊወስዱት።

ተመልሰው ገቡ። አጎትየው ቆሞ ተናገረ።

"ያንተ ብር ይሮጣል፣ የኛ ሽልንግ ቆሟል። አንዷን ጊደር እስክታገኛት እሷ ሁለት ትሆንብሃለች። ከዚያ አንተም ትሞታለህ፣ እኔም እሞታለሁ፣ ነገሩ በልጆቹ ላይ ይቀራል። ይህ ልጅ ከእንግዲህ ከከብት ኋላ አይሄድም። ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ይፈልጋል። ልጅህ ጋቢና ውስጥ ያስቀምጠው። መንዳት ያስተምረው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ጊደሯ ተከፈለች።"

ባለቤቴ ከጓዳ ጠራችኝ። ገባሁ። እጇ እርጥብ ነው፣ ክንዴን ያዘችኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ እሺ እንዳትል! አንድ ቀን ሙሉ መንገድ፣ በረሃ ለበረሃ፣ ሁለቱ ብቻቸውን? እግሩን የሰበረውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ?"

"ሌላ ምን አለኝ?"

"ቤቱን ሽጥ!"

"ቤቱን የምሸጠው በብር ነው" አልኳት። ክንዴን ለቀቀችኝ።

ስመለስ ልጄ፣ "አባ፣ እኔ እሺ ብያለሁ" አለኝ። ሳይጠይቀኝ። እኔ ግን እንደዚህ ያለ ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ማደር አልችልም። ወደ ጎረምሳው ዞርኩና በኦሮምኛ ጠየቅኩት። "ልጄን ትጠላዋለህ?"

አጎትየው ጉሮሮውን ጠረገ። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንግዳን አይጠየቅም። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

"የመታኝ እሱ ነው" አለ። "ተሸክሞኝ የሮጠውም እሱ ነው። ሁለቱንም አልረሳም።"

ይሻለኛል ወይስ ይብስብኛል ብዬ ያን መልስ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት። እርጥብ ሳር መጣ፣ ያዝን። በዚህኛው ልጄም ያዘ፣ ጎረምሳውም ያዘ። አጎትየው ብሩን በመቀነቱ ጠቅልሎ በማግስቱ ሄደ፤ ልጁ እኛ ጋ ቀረ። ለጥቂት ቀናት ከልጄ ክፍል አደረ። ባለቤቴ ምግብ ስታቀርብለት ቀና ብላ አታየውም፤ ግን ሳህኑን ሞልታ ነበር የምታቀርብለት።

የመጀመሪያውን ጭነት ይዘው የወጡ ዕለት አናናሱ በመኪናው ላይ ከመጠን በላይ ተከምሮ ነበር። ልጁ ምርኩዙን ወንበሩ ሥር አስገብቶ ጋቢና ተቀመጠ። ልጄ መሪውን ይዞ የሆነ ነገር ነገረው፤ ልጁ የማርሹን ዘንግ በጣቱ ነካው። ሄዱ። እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እስኪሰወሩ አየሁ፣ ከተሰወሩም በኋላ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ያቤሎን አልፈዋል የምንልበት ሰዓት አለፈ፤ ስልክ የለም። ሜጋ ደርሰዋል የምንልበት አለፈ። በመጨረሻ እኔው ደወልኩ፤ ከዚያ በፊት እኔ ደውዬ አላውቅም። ጠራ፣ ጠራ። ተነሳ። የሰማሁት ድምፅ የልጄ አይደለም።

"ሄሎ" አለ፣ በተሰባበረ አማርኛ። "አባ፣ እኔ ነኝ።"

"ልጄስ?" አልኩ። የጮህኩ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

"ልጅህ ይነዳል። የሚነዳ ሰው ስልክ አያነሳም አለኝ። አንተ አንሳ አለኝ።"

ከኋላ የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ የልጄ ሳል። የሱን ሳል ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ። አልተናገረኝም፤ ሳለ ብቻ።

"እሺ" አልኩ። "መንገዱን እይ" አልኩት።

"እያየሁ ነው፣ አባ።"

ስልኩ ተዘጋ። ተቀመጥኩ። ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠኋት።

"ማነው ያነሳው?" አለችኝ።

"ረዳቱ ነው" አልኳት።